የስልሳ ዶላር ዝገት

ነገሩ የሦስት መቶ ስልሳ ዶላር ነው። ስድስት የአበባ ማስቀመጫ፣ አንዱ በስልሳ። ሒሳቡን ያወቅኩት ግን እጄ ካጠፋ በኋላ ነው።

እናንተዬ፣ ዝገት በእኛ ቤት የስንፍና ምስክር ነበር። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ተፈግፍጎ ይለቃል፤ ካልለቀቀም ዕቃው ይደበቃል። እኔም አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነድቼ፣ ጡረታዬን ፕሌኖ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ልጄ ቤት ስጀምር ይዤ የገባሁት ይህንኑ እምነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ክው አልኩ። ምራቴ ሰናይት ለአንዲት አሜሪካዊት ልትሸጣቸው የደረደረቻቸው ስድስት የመዳብ ማስቀመጫዎች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል! ገዢዋ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች። ሰናይት ገበያ ወጥታለች። የልጄ ሚስት ስትዋረድ ቆሜ ልይ?

ሎሚ፣ አመድና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱን ሳነሳው ቀለለኝ፤ ዝገቱ ውስጡን ጨርሶት ነው ብዬ አዘንኩለት። ፈገፈግኩት። አረንጓዴው ለቀቀ። መዳቡም ለቀቀ! ሁለተኛውም እንደዚያው። ከሥር ጥቁር ቀለም፣ ከጥቁሩ ሥር ነጭ ፕላስቲክ፣ ከቂጡ ላይ ደግሞ የሦስት ዶላር ዋጋ።

«አባባ! ምን አደረጉ?» ሰናይት በሩ ላይ ቆማለች።

«ዝገቱን አስለቀቅኩልሽ።»

«እኔ የምሸጠው እኮ ዝገቱን ነው!»

በ«እርስዎ» መቆጣት እንዴት እንደሚያንቅ ያን ቀን ፊቷ ላይ አየሁ። ለካ ከቪዲዮ ካሴት ተምራ ፕላስቲኩን ጥቁር ትቀባዋለች፤ በላዩ የመዳብ ቀለም፣ በላዩ ደግሞ አረንጓዴውን በስፖንጅ ጠብ ጠብ። ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለቀደደበት ስልሳ ዶላር የከፈለው ሰው እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ገዢዋ መጣች። የተረፉትን አራቱን እየዳበሰች «እርጅናቸው ሲያምር!» አለች፤ ከፈለችም። ከዚያ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው ማንቆርቆሪያዬ ላይ አረፈ። የአባቴ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እውነተኛ መዳብ። በየሳምንቱ በሁለት ሎሚ ስለምወለውለው እንደ መስታወት ያበራል።

«ቅርጹ ጥሩ ነው» አለች። «ምን ያደርጋል፣ አዲስ ነው።»

ሰናይት ሳቋን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እንግዲህ ሒሳቡ፦ የከሰርነው መቶ ሃያ ዶላር፣ ስድስት ሎሚና አንድ ሽቦ። መቶ ሃያውን ለሰናይት ከኪሴ ከፍያለሁ። ያተረፍነው ደግሞ በሳምንት ሁለት ሎሚ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማንቆርቆሪያዬን አልነካሁትም፤ ዝገቱን በነፃ እየሠራልኝ ነው።