ሪኮመንዴሽን ከምቀኛ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላሉ አበው። ጸሎቱ ክፉ አይደለም፤ ግን የሚጸልየው ሁልጊዜ የሚቀኑበት ሰው ነው። ስለ ምቀኛው ድካም ማን አሰበ? መቅናት እኮ ሥራ ነው! በጠዋት ተነሥቶ የሰው ኑሮ መከታተል፣ ሰውዬው ራሱ የረሳውን ድሉን ማስታወስ፣ በሰው ደስታ ምሳ አለመብላት፣ ያውም ያለ ደመወዝ። እናንተ ቀንታችሁ የማታውቁ ከሆነ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፤ እኔ ግን ስለ ጉዳዩ የምናገረው ከልምድ ነው።

የቤሌ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሶዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ። የምቀናባት ደግሞ ሩቅ አይደለችም፤ ዶርም ውስጥ ከኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው የጉኑኖዋ ትዕግስት ናት። ሌሊት ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ «ይቺ ልጅ በእንቅልፏም ታጠናለች» ብዬ እናደዳለሁ። እናቷ ከጉኑኖ የምትልከውን ዳታ የሚባል የሚያቃጥል የበርበሬ ድልህ መላው ዶርም ይበላል። እኔም እበላለሁ፣ እየበላሁም እቀናለሁ። ያቃጠለኝ የቱ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

ያ ቀን የተረገመ ነበር። የውጭ አገር የማስተርስ ማመልከቻ በዚያው ምሽት ይዘጋል፤ የሚወስዱትም ከአንድ ዲፓርትመንት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቤሌ ያለው አባቴ ገና ሳልሞላው «ልጄ ውጭ ልትሄድ ነው» ብሎ ለአውቶቡስ ረዳቶች ሁሉ አውርቷል። ጠዋት የአፈር ላብራቶሪ ሪፖርት አስረከብኩ። ከዚያ ስለ እንሰት በሽታ የቡድን ፕሬዘንቴሽን ነበረን። ከዚያ ላይብረሪ ገብቼ ትራንስክሪፕቴን ስጭን መብራት ጠፋ፤ የስልኬን ኢንተርኔት እየለመንኩ ጨረስኩት። ትዕግስት? እሷማ ትናንት ጨርሳለች። ለሁለታችንም የቀረን የአማካሪያችን ሪኮመንዴሽን ብቻ ነበር።

አማካሪያችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ ዶክተር ናቸው። ቢሯቸው ስንደርስ ሻንጣቸው በሩ ሥር ቆሟል፤ ለስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው።

«ልጆች፣ መኪናው ሊመጣብኝ ነው። እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉና ኮምፒውተሩን ከፈቱ። «አንቺ፣ ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?»

ወለሉን አየሁ። እኛ ቤት ራሷን የምታሞግስ ልጅ እንግዳ ፊት አትቀርብም።

«ያው... ምንም አይልም፣ ዶክተር።»

«'ምንም አይልም' ብዬ ልጻፍልሽ?» አሉና ወደ ትዕግስት ዞሩ። እሷም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና «እኔም ያው ነኝ» አለች። ዶክተሩ ግንባራቸውን ያዙ። «እናንተ በትሕትና ልታልቁ ነው! በሉ ተለዋወጡ። አንቺ ስለሷ ንገሪኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩን የምትወስድብኝን ልጅ አመስግኚ ተባልኩ። ቶሎ ዘዴ መጣልኝ፦ «ጎበዝ ናት» እላለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። ውሸት የለበትም፣ ጥቅምም የለውም።

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

«እንዴት?» አሉ።

ይቺ «እንዴት» ጉድ አደረገችኝ። የሙከራ ማሳችን ላይ እንሰቱ መጠውለግ ሲጀምር በዝናብ ወጥታ የታመመውን ከጤነኛው እንደለየች፣ በሽታው እንዳይዛመት ቢላዋዋን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፍ በእሳት እንደምትለበልብ፣ ገጠር ስንወጣ ከባሎቹ ይልቅ ጓሮውን የሚያውቁትን ሚስቶቹን እንደምትጠይቅ፣ የማታውቀውን «አላውቅም» ለማለት እንደማታፍር... ተንዶ መጣ። ሲጽፉ የዶክተሩ ጣት ሊደርስብኝ አልቻለም። ጓደኛዋ ብሆን «ደግ ናት» ብዬ ባለፍኩ። ምቀኛ ግን አይረሳም።

ተራው የሷ ሆነ። አሁን «ጎበዝ ናት» ብላ ትዘጋኛለች፣ የእጄን አገኛለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እሷ ስትናገር ሰው ዝም ይላል፣ ዶክተር» አለች ትዕግስት። «ዛሬ ጠዋት ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል እኛ ስንደነግጥ፣ እሷ ቾክ አንሥታ እንሰቱን ከነሥሩ ሰሌዳ ላይ ሳለችው። እኔ ሦስቴ አንብቤ የሚገባኝ ለሷ አንዴ ሲነገራት ይገባታል። ገበሬዎቹም እኔን 'ተማሪዋ' ነው የሚሉት፤ እሷን ግን በስሟ ይጠሯታል። ደግሞ ስትስቅ እንኳ...»

ዶክተሩ መጻፍ አቆሙ። «ይህን ሁሉ መቼ አየሽው?»

«ስቀናባት ነዋ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። «እንዴት ነው የማልቀናባት? እርስዎ አይቀኑም?»

ዶክተሩም ሳቁ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ውጭ መኪናው ክላክስ አደረገ፤ ሁለቱንም ደብዳቤ ላኩልንና ሻንጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ትዕግስት ክንዴን ይዛ ወደ በሩ መራችኝ። ሻይ ልትጋብዘኝ ነው። ያኔ «እኔም እኮ እቀናብሻለሁ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ቁጭ አለ። እሷ ስንት ዓመት የያዘችውን በአንድ ሳቅ አራግፋ፣ ቦርሳዋን እያወዛወዘች እንደ ልጅ ትራመዳለች፤ እኔ የኔን ተሸክሜ ከኋላዋ እከተላለሁ።

ከማመልከቻው መልስ ገና አልመጣም። ማናችን እንደምንሄድ እግዚአብሔር ያውቃል። አንድ ነገር ግን ያን ዕለት ተወስኗል፤ እስካሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል።

ቅናቷ እንኳ ከኔ ቅናት ያምራል።