ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን ሞተር

ቡታጅራ ውስጥ ትልቅ ሞተር ካላችሁ መካሪ አታጡም። ለረጅም መንገድ የተሠራውን ሞተሬን ገና ሳቆመው አንዱ ይጠጋና «ስንት ሰው ይጭናል?» ይለኛል። «ሁለት» ስለው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ደስታ በወንበር ብዛት ይለካል እንዴ?

የመካሪዎቹ አለቃ አጎቴ ጋሽ በርጋ ናቸው። «ሽጠህ ባጃጅ ግዛ፤ እምቢ ካልክ ለመስቀል አገር ቤት ሽማግሌዎች ፊት አቆምሃለሁ» ብለው ዝተውብኛል።

መስቀል ደረሰ። ሰው ሁሉ አገር ቤት ሲገባ መናኸሪያው ውስጥ መኪና ጠፋ። አገር ቤታችን አረቅጥ ደግሞ የመስቀሉ በሬ ታስሯል፤ ጋሽ በርጋ ሳይመርቁ ቢላ አይነሳም። ምን ያድርጉ? ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላዬ ወጡ። ዳገቱን ሁሉ «ቀስ በል፣ አንተ ልጅ» ሲሉኝ ቆዩ። አንድ ባጃጅ ሊቀድመን ሲል ግን ትከሻዬን ቆንጥጠው «ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

በሬው ተመርቆ ታረደ። ሽማግሌዎቹም «የሞተሩ ነገርስ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ በርጋ ከጋቢያቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። «ይሸጠዋል» አሉ፤ «መጀመሪያ ግን እኔን ቡታጅራ ይመልሰኝ።»

መለስኳቸው። ሞተሩን አልሸጥኩትም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። አሁን አንዱ መጥቶ «ሁለት ሰው ብቻ?» ሲለኝ «አዎ» እለዋለሁ፤ «ሁለተኛው ጋሽ በርጋ ናቸው።»