የበር ሥር ቦታዬ

ሹመት ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሰጥ ይመስላችኋል? ጭሮ መጥታችሁ አንድ ከሰዓት የጫት በርጫ ላይ ብትቀመጡ ፍራሽም እንደሚሾም ታያላችሁ። ጥጉ ላይ፣ ትራስ ተደራርቦ የሚደገፉበት ቦታ፣ ዱዓ የሚያደርጉልን የሸህ ዩያ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ሐጅ የሄደ፣ ቀጥሎ ለመሄድ ያሰበ፣ ቀጥሎ ልጁ ሐኪም የሆነለት ይቀመጣል። እንዲህ እያለ ወርዶ ወርዶ በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበት ላይ ሲደርስ እኔን ሙሜን ታገኛላችሁ። የሰው እግር ሽታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ።

ቦታዬን ግን እወደው ነበር። የበር ሥር ሰው ሥራው ማሳቅ ነው። ሸህ ዩያ ዱዓ አድርገው፣ መዳፋችንን ዘርግተን አሚን ብለን ጫቱ ሲታደል እኔ አፌን እከፍታለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ወላሂ፣ ጭሮ ውስጥ የተሰነጠቀ ግድግዳ ካያችሁ የእኔ ሥራ ነው። ታዲያ ማንም ቁም ነገር ከእኔ አይጠብቅም፤ እኔም ከራሴ አልጠብቅም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁርአን ቤትም ኡስታዜ ከሳቃቸው ብዛት እያለቀሱ ነው ያባረሩኝ። እንዲህ ያለ አፍ ለጸሎት ይከፈታል?

ከሁሉ አብልጦ የሚስቅልኝ አሊዪ ነበር፣ የሂርና መስመር ሚኒባስ ሹፌር። ሳቁን ሲለቀው ከኋላው ያሉት ሹፌሮች ጎማ የፈነዳባቸው መስሏቸው ወርደው ጎማቸውን በእግራቸው ይመቱ ነበር። ቀልዴን ገና ስጀምረው ስለሚስቅ የአንዱንም መጨረሻ ሰምቶ አያውቅም።

ይህ ሰው ታመመ። ጉበት ነው አሉ። ሆዱ እየተነፋ፣ ፊቱ እየከሳ፣ ሳቁም እያጠረ ሄደ። ወንድሞቹ አዲስ አበባ ካልወሰድነው አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ለሕክምና ሩቅ ሲሄድ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዱዓ ሳያደርግለት መኪና አይሳፈርም። የዱዓው ዋዜማ አሊዪ አስጠራኝና፣ ነገ ዱዓውን የምታደርግልኝ አንተ ነህ አለኝ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እሱ ግን አልሳቀም። እኔ ስስቅ አሊዪ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

“ያ ሙሜ፣ ሸህ ዩያ ጤና ይለምኑልኛል” አለኝ። “ሐኪሙ ለሚስቴ ለሞሚና በሹክሹክታ የነገራትን እኔም ሰምቼዋለሁ። ወንድሞቼን አልሄድም ብላቸው ልባቸው ይሰበራል። እኔ የምፈራው እዚያ፣ በማላውቀው ሰው መሐል እንዳልቀር ነው። ቤቴ ልሙት። ይህንን በሰው ፊት የሚለምንልኝ ሽማግሌ የለም፤ ሞት ጠራበት እንዳይባል ይፈራል። አንተ ግን የማትለው ነገር የለም፣ አቦ።”

የማልለው ነገር የለም! እንዴት ያለ ምስክርነት ነው? ያን ጊዜ የአሰቦት ተራራ ተነሥቶ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። መሰላ የምትኖረው አክስቴ ጋ ሄጄ ልደበቅ አልኩ። ደግሞ ልለማመድ ብዬ ጓሮ ገባሁና መዳፌን ዘርግቼ ለፍየሌ ዱዓ አደረግሁላት። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ገመዷን በጥሳ ጠፋች። መሰላ ታይታለች ይላሉ። መደበቂያዬን እንኳ ቀደመችኝ!

በማግሥቱ የአሊዪ ቤት ሞላ። አሊዪ ጥጉ ላይ ተኝቷል፤ ሚስቱ አዴ ሞሚና ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ሸህ ዩያ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አሊዪ፣ ሙሜ ያድርግልኝ አለ። ቤቱ የሳቀውን ሳቅ አትጠይቁኝ። ከበሩ እስከ ጥጉ አንድ ሰው ተኝቶ ቢገላበጥ የሚደርስበት ነው፤ ለእኔ ግን ከጭሮ ሐረር በእግር የመሄድ ያህል ራቀኝ። ስነሣ አንዱ፣ ኧረ ሙሜ የማንን ጫማ ሰርቀህ ነው የምትሮጠው አለ። ደግመው ሳቁ። መዳፌን ስዘረጋ ሳቁ። ያ አላህ ስል ውኃ የሚጠጣው ሰውዬ ትን አለው።

በዚህ መሐል ምላሴ ላይ አንድ የሰባ ቀልድ መጣ። ብለቀው ኖሮ ቤቱ ይፈርስ፣ እኔም በሰላም ወደ ጫማዬ እመለስ ነበር። አሊዪን አየሁት። አይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም። ቀልዱን ዋጥኩት። እንደዚያ የመረረ ነገር ውጬ አላውቅም።

“ያ አላህ” አልኩ፤ ድምፄ የፍየሌን ድምፅ መሰለ። “ጤናውን አንተ ታውቃለህ። እኔ የምለምንህ ሰው አገር አታስቀርብን ነው። ወደ ቤቱ መልሰው። እዚሁ ፍራሽ ላይ ከሞሚና እጅ ውኃ ይጠጣ። የመሄጃው ቀን ሲደርስም ከእኛ መሐል ይሂድ።”

ሸህ ዩያ አፈጠጡብኝ። አሁን አንገቴን ይዘው ያወጡኛል ብዬ ስጠብቅ አሊዪ ብቻውን አሚን አለ። ከመጋረጃው ወዲያ አዴ ሞሚና በተሰበረ ድምፅ አሚን አለች። ከዚያ ሸህ ዩያ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

ሄደ፤ ሐኪሞቹም አይተው መለሱት። ሲመለስ አዋሽ ላይ አበቃለት ብለው ነበር አሉ፤ እሱ ግን አይኑን ገልጦ፣ ንዳው እንጂ፣ ጭሮ ገና ነው ብሎ ሹፌሩን ተቆጣ። ፍራሹ ላይ ደረሰ። ከሞሚና እጅ ውኃ ጠጣ። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ፤ በእጁ ጠራኝ። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ ያን የዋጥኩትን ቀልድ ጀመርኩለት። እንደ ልማዱ መጨረሻውን ሳይሰማ ሳቀ። ማንም ሹፌር ወርዶ ጎማውን የማይመታላት ትንሽ ሳቅ ነበረች። የቀትሩ ዙሁር ሶላት ሳይደርስ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጭሮ የሙሜ ዱዓ ይደርሳል ትላለች። መንገደኛ ሲሳፈር ሙሜ፣ ሙሽራ ሲወጣ ሙሜ። ሸህ ዩያ ራሳቸው ጠጋ ብለው ትራሳቸውን አካፈሉኝ። በሩ ሥር አሁን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ትራሱ ደግሞ ወላሂ አይመችም።

በቀደም በርጫ ላይ የአሊዪ ሳቅ በጣም ናፈቀኝና ቀልድ ልጀምር አልኩ። ዱዓዬን ሰምታ መሰላ ድረስ የጠፋችውን ፍየሌን አወራሁላቸው። እስከ መጨረሻው አወራሁ፤ በሳቅ የሚያቋርጠኝ አልነበረም። ስጨርስ ሁሉም፣ ሸህ ዩያ ጭምር፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ።