የቴምብሩ ተመራማሪና የእድሩ ድንኳን

በየሰፈሩ አንድ ተመራማሪ አለ። «በእኛ ሰፈር የለም» የሚል ሰው ካለ፣ በሩ ገና አልተንኳኳም ማለት ነው። እናንተ ዝናቡን ስታማርሩ እሱ ስንት ጣት እንደዘነበ ይጠይቃችኋል። ጎመን ስትቀነጥሱ የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደጠወለገ ይጽፋል። ሰላምታ ብትሰጡት ሰላምታችሁን ያጠናዋል።

የእኛው ክቡር ተመራማሪ አቶ አምደሚካኤል ይባላሉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት ቴምብር ላይ ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሌላው ጡረተኛ በግ ያደልባል፣ ወይም ከጎረቤት ጋር በድንበር ይካሰሳል። እሳቸው አጉሊ መነጽር ገዙ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷን ስመታት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየኋትም» ይላሉ፣ ቴምብርን።

ጥናታቸው እንዲህ ነው። ባንድ ቀን ከታተሙ ሁለት ቀይ ቴምብሮች አንዱ እዚህ ቤት ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቶ ይገኛል፤ ሌላው እዚያ ቤት አመድ መስሎ። ለምን? ጭሱ ነው? እርጥበቱ ነው? ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ቅቤ ነው? ይህን ለማወቅ ከመቶ ቤት መቶ የድሮ ፖስታ ያስፈልጋል፣ ቴምብሩ ያልተላጠ።

እንግዲህ ከመቶ በላይ ቤት አንኳኩ። «ለሳይንስ ነው» ይላሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። «ፖስታው ከምድጃው ስንት ክንድ ይርቃል? አይጥ አለ? ደብዳቤው ሲነበብ ማን አለቀሰበት?» እንባም ቀለም ያደበዝዛል አሉ። ባሏ የሞተባት የብርጓል ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ በመጥረጊያ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው። እሳቸው ግን እየሮጡም «መጥረጊያው የምን ሣር ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

ዲማ ገዳም ድረስም ሄደዋል። አንድ የቅኔ መምህር ጉዳያቸውን አዳመጡና «ልጄ፣ ለእኛ ደብዳቤ የጻፉልን ሐዋርያት ናቸው። እነሱ ደግሞ ቴምብር አልለጠፉም» አሏቸው። አቶ አምደሚካኤል ይህንንም በደብተራቸው ጻፉት፦ «ዲማ፤ ቴምብር የለም፤ ምክንያቱ ታውቋል።»

ወደ እኔ ቤት የሚመጡት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እኔ አንድ ፖስታ አለኝ። ባለቤቴ አንተነህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ ሳለ የጻፈልኝ ነው። ቀይ ቴምብር አለበት።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ስለዚያች ፖስታ…»

«አልሰጥም።»

«ለሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ ባል ካላት የራሷን ፖስታ ትጠብቅ። ግባና እህል ቅመስ።»

ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ጣራዬን አይተው ስለ ጭሱ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።

የማልሰጥበት ምክንያት አለኝ። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ ደብዳቤውን ያነበቡልኝ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ በሰው መካከል። ስልሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከልጅ ልጄ ጋር ፊደል ቆጠርኩና ራሴ አነበብኩት። ለካ መሪጌታ አንዲት መስመር አፍረው ዘለዋት ኖሯል። ምን እንደምትል ለእናንተም አልነግራችሁም።

ዘንድሮ ግን ጉዳዩ ጠና። ዶክተር መቅደላዊት የምትባል የቀለም ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ ልትመጣ ሆነ፣ የቀለም መመርመሪያ መሣሪያዋን ይዛ። መቶ ፖስታ ከሞላ ጥናቱን ከእሳቸው ጋር ትቀጥላለች፤ ካልሞላ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። አቶ አምደሚካኤል የያዙት ስልሳ ሦስት ነው። ቢሆንም ፖስታዎቹን የሚዘረጉበት ቦታ እንዳያጡ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ሊለምኑ የእድራችን ስብሰባ ላይ ቆሙ።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፍሥሐ ሕግ አዋቂ ናቸው። «ድንኳኑ የሚወጣው ሞት ሲኖር ነው። ሞት አለ?»

«ቀለሞቹ እየሞቱ ነው» አሉ አቶ አምደሚካኤል።

ሰው ሳቀና ድንኳኑ ተፈቀደ። ጥሩምባ ነፊያችን ወልደ ሰንበትም ቅዳሜ ጧት ሰው እንዲጠራ ታዘዘ። ስሕተቱ ይኸው ነው። ወልደ ሰንበት በሕይወቱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት አነፋፍ ነው። ጎሕ ሲቀድ ነፋና «አቶ አምደሚካኤል ቤት! በሦስት ሰዓት!» አለ። ከጥሩምባ በኋላ የሰው ስም ከተጠራ ደግሞ በእኛ አገር የቀረውን የሚያዳምጥ የለም።

በሦስት ሰዓት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። በድስት እዝን የያዘም መጣ። ዘመዶቻቸው ከይጁቤ በሚኒባስ ደረሱ። ሙሾ አውራጇ ድንኳኑን እንዳየች ደረቷን ይዛ ጀመረች።

«የሩቁን ደብዳቤ ለሁሉም አድራሹ፣
ዛሬስ እሱ ሄደ ሳይገኝ መላሹ!»

አገር ተላቀሰ። እኔ እንዳልሞቱ አውቃለሁ፤ ሲነጋ ምላጭ ሲያውሱኝ አጥር ለአጥር አውርተናል። ግን ሙሾው አማረኝና ዝም አልኩ። ሰው ሲወደድ መስማት ማን ይጠላል?

አቶ አምደሚካኤል ጓዳ ሆነው ፖስታ ሲደረድሩ ለቅሶውን ሰሙ። በእኛ ወግ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ወጥተው «ወየው! ወየው!» እያሉ የይጁቤውን የአክስታቸውን ልጅ አንገት አንቀው አነቡ። ሲበቃቸው በጆሮው «ማን ነው የሞተው?» አሉት።

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። «አንተ ነህ!» አለና ተዝለፍልፎ ወንበር ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ እድራችን አይቶ አያውቅም። በሳቁ መካከል ግን አንድ ነገር አየሁ። የብርጓል ከጉያዋ ፖስታ አውጥታ መልሳ ልትደብቅ ትታገላለች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አልኳት።

«ሲለምነኝ ከልክዬው ሞተ ብዬ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይግባለት ብዬ ነበር። ካልሞተማ ወስጄው ልሂድ!»

ዞር ስል እሷ ብቻ አይደለችም። አንዱ በኪሱ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ የከለከለ ሁሉ በጸጸት ፖስታውን ይዞ መጥቷል።

«ወደ ቤቱ የሚመልስ የለም!» አሉ አቶ አምደሚካኤል ድንኳኑ ደጅ ላይ እጃቸውን ዘርግተው። «የተለቀሰልኝ እኔ ነኝ፤ ስጡኝ፤ ለሳይንስ ነው!»

ዶክተር መቅደላዊት በዚህ መሐል ደረሰች። የተዘቀዘቀ ነጠላ አይታ ደነገጠችና ደጁ ላይ እንባቸውን የሚጠርጉትን ሽማግሌ «እግዜር ያጥናችሁ፤ ማን አረፈ?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ። ግቢ ልጄ፣ ቴምብሮቹ ውስጥ ናቸው» አሏት አቶ አምደሚካኤል።

ሲቆጠር መቶ አራት ሆነ። መሣሪያዋ ቴምብሮቹን አንድ በአንድ ሲያይ ዋለ። ማታ ስትሄድ «አባቴ፣ ይሄን ሥራ አብረን ነው የምንሠራው» ብላ ጉልበታቸውን ስማ ሄደች። እዝኑም ድግስ ሆኖ ተበላ።

ሁሉም ደስ አለው፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩና አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። መቶ አራት! የኔ ሳይኖርበት ሞላ። እንግዲህ አምደሚካኤል እሑድ እሑድ ምን ብሎ ይመጣል?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህሉን አቀረብኩና በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ወጡ በረደ። መልሼ አሞቅሁት። ደግሞ በረደ።

ተንኳኳ።

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እትዬ ሥራነሽ፣ ስለዚያች ፖስታ…»

«ሞልቶልህ የለም እንዴ?»

«መቶ አምስት ቢሆን ሳይንስ አትቀየምም።»

«አልሰጥም!» አልኩ። ድምፄ ግን ሳቄን መያዝ አቅቶት ከሰፈር ሰፈር ተሰማ። «ግባ፣ ወጡ በረደ።»

በልተው ሲሄዱ ከሣጥኔ ፖስታዋን አወጣሁ። ደብዳቤውን ከውስጧ መዝዤ ለራሴ አስቀረሁ፤ ያቺ መስመር ወደ ሳይንስ አትሄድም። ከባዶዋ ፖስታ ጋር ግን በገዛ እጄ፣ በዚያ በተንጋደደው ፊደሌ፣ ወረቀት ጽፌ አኖርኩ፦

«ስሞት ለአምደሚካኤል ይሰጥ። እስከዚያው ግን እየመጣ ይለምን።»