የአካላ ሰላዮቼ

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ያለው ሰው ስዊድን አልኖረም። እዚህ ገንፎው ራሱ በፋብሪካ ተጣርቶ በካርቶን ይመጣል፤ ስንጥር ቢፈልጉም አይገኝበትም። እኛ ግን እንፈልጋለን። «ግድግዳም ጆሮ አለው» እየተባልን አድገን፣ ከቀበሌ ዓይን ሸሽተን በሱዳን በኩል የወጣን ሰዎች ሰላም ቦታ ሲያኖሩን ሥራ እንፈታለን።

ስለዚህ ምክሬን ስሙ፤ ጠርጣራ ሰው የስለላ መጽሐፍ አያንብብ። እኔ ስዊድንኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወራ ነበር፤ አንዲት ቲማቲም እንኳ ሳላበቅልበት መለስኩት። ቀጥሎ እውነተኛ የስለላ ታሪክ አገኘሁ፤ እሱን ይዤ ከምኖርበት ሰፈር ከአካላ ባቡር ስሳፈር መውረጃዬን ማለፍ ጀመርኩ። ከመጽሐፉ የተማርኩት ቢኖር ሰላይ ማለት ባለ ጥቁር መነጽሩ ሳይሆን ልጆቻችሁን በስም እየጠራ የሚስመው ሰው መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሰፈራችን ሞልቷል።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ የሸሸው ሁሉ አገሩን ማየት የጀመረበት ነበር። እኔም ደሴ ያለችውን እናቴን ለማየት ትኬት ቆረጥኩ። «ዓይንህን ሳላየው እንዳልሞት» ካለችኝ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ተለወጠብኝ። ከላያችን የሚኖሩት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ፣ በጋራ ልብስ ማጠቢያው ካገኙኝ ወሬያቸው ማለቂያ ያልነበረው ሴት፣ እርጥብ ልብሳቸውን ታቅፈው ወጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ እጄን ይዘው አልለቅ ብለው ስለ ደም ግፊቴ ጠየቁኝ። ባለቤቴ ሮማን ስልኩን ከነገመዱ እየጎተተች መታጠቢያ ቤት ገብታ ማውራት አመጣች። ከካርቱም ጀምሮ ወዳጄ የሆነው ተሾመ ደግሞ የምሄድበትን ቀን ይጠይቀኛል፤ ሰንብቶ ደግሞ ይጠይቀኛል፤ ቦሌ ማን እንደሚቀበለኝም ማወቅ ፈለገ። ያልተለወጠችብኝ ጎረቤት ከተማ ሶለንቱና ያለችው እህቴ ምሕረት ብቻ ነበረች። እሷም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗን እየቆጠረች ስለነበር ከሆዷ ሌላ ወሬ የላትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ነገሩን በልኬ ሰፋሁት። በወጣትነቴ የወጣሁባቸውን ሰልፎች የሚያውቅ ሰው ስሜን አገር ቤት አቀብሏል፤ ቦሌ ስደርስ ልያዝ ነው። ስልኩም ይጠለፋል ብዬ ደሴ መደወል ተውኩ። ቀጥዬ መጽሐፉ ውስጥ ያነበብኩትን ዘዴ ሞከርኩ፤ ለተሾመ ብቻ ጉዞዬ እንደቀረበና የፊታችን ሐሙስ እንደምበር የውሸት ነገርኩት። በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ አገኙኝና «ሐሙስ ነው አሉ?» አሉኝ።

በቃ! ተሾመም፣ ዘይነባም፣ የገዛ ሚስቴም አንድ መረብ ናቸው። ያን ዕለት ከሰው ጋር ተቀምጬ ብቻዬን ነበርኩ። ሰኞ ትኬቱን ልሰርዝ ወሰንኩ፤ ለእናቴ የምላትንም ቃል መፈለግ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ደወሉ ተደወለ። ሮማን ቀድማኝ ተነስታለች፤ ለብሳለችም። በሩን ስከፍት ጋሽ ታደሰ፣ ተሾመና እትዬ ዘይነባ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ ራሴ ስንቱን ቤት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ዝምታ አንኳኩቻለሁ! የሰላይ መጽሐፍ ያሳወረኝን ያህል ምንም አላሳወረኝም።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ «እናታችን አርፈዋል።»

እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። እንባው ሲያባራ ነገሩ ተገለጠልኝ። ወሬው ከደሴ በእትዬ ዘይነባ ዘመዶች በኩል ቀድሞ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ «እዚህ እንንገረው ወይስ አገሩ ገብቶ ከዘመድ መሃል ይስማ?» የሚል ክርክር ነበር። ሳይወስኑ ተሾመ ሐሙስ ይበራል ሲላቸው ተጣደፉ። መርዶዬን ያፋጠንኩት ራሴ ነኝ። ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው፤ እነሱ ለእኔ ሲጨነቁ እኔ እነሱን ስፈራ ከረምኩ።

ስለ ምሕረት ግን ክርክር አልነበረም። እስክትገላገል አይነገራትም ተባለ፤ ሁሉም ወደ እኔ አዩ፤ እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ይህን እያወራን ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ቤት ሙሉ ሰው ሳሉን ዋጠ።

«ደሴ ስልኩን የሚያነሳው አጣሁ» አለችኝ። «አንተ እማዬን አገኘሃት?»

«አግኝቻታለሁ» አልኳት። «ደህና ናት። እንዳትጨነቅ ንገራት ብላኛለች።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እህቴም አመነችኝ።