ያለ ምክንያት የሚነክስ ባላባት

ውሻ እንኳ ሰው ሲነክስ ምክንያት አለው፤ ወይ ርቦታል፣ ወይ ደጁን ደፍረህበታል። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ሮቤ ገበያ ውስጥ ስንቀዋለል ያደግሁት እኔ ይህን ካወቅሁ፣ ያን የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ የደረሰው የተማረ ሰው እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ወረቀት ረክሶበት ይሆናል።

ነገሩ ስለ አንድ ደም መጣጭ ባላባት ነው። አራት መቶ ዓመት ሲኖር አንዲት ጥጃ አላረባ፣ አንድ ጥማድ ገብስ አላዘራ! ቀን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ ይውልና ሲመሽ አንዲት ልጃገረድ ያሳድዳል። በሰዓት እላፊ! መታወቂያ የሚጠይቀው አንድ አብዮት ጥበቃ እንኳ የለም። ልጅቱ ደግሞ መስኮቷን ከፍታ ነው የምትተኛው። እስቲ ጎባ መጥታ ትሞክረው፤ እሱ ሳይደርስ ብርዱ ይጨርሳታል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ታደሰ ቪዲዮ ቤት የዚህ ጉድ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አያልፍም፤ ግን ማን ያውቅብኛል? አንድ እሁድ የገብስ ነጋዴው ኦቦ ከድር ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንተ ጎረምሳ፣ ይህ ሰውዬ ከልጅቱ ምንድን ነው የሚፈልገው?»

«ይወዳታል፣ ኦቦ።»

«የወደደ ሽማግሌ ይልካል እንጂ አንገት ይነክሳል? ያ ረቢ! ለዚህ ነው ገበያዬን ጥዬ የመጣሁት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ግማሹም ተከትሏቸው ወጣ። ጋሽ ታደሰ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ሰው ካልተመለሰ ፍራሽህን ይዘህ ውጣልኝ» አለኝ። የማድረው እዚያው ቪዲዮ ቤት ጥግ ነበርና ሌላ መሄጃ አልነበረኝም።

ስለዚህ ለባላባቱ ምክንያት ሰጠሁት። በሚቀጥለው እሁድ፣ «መሬቱን ተወርሶ ነው!» አልኩ። «ልጅቱ የጭሰኛው የልጅ ልጅ ናት። የሚነክሳት መሬቱን እንድትመልስለት ነው።» ወሬው ገበያውን አዳረሰ። በሦስተኛው እሁድ ኦቦ ከድር ከፊት ወንበር ላይ ጉብ ብለው ነበር።

«አሁን ገና ሰው ሆነ!» አሉ። «የእኛውም ባላባት እንዲህ ያለ ጥርስ ቢኖረው ይነክሰን ነበር።»

ይሄኔ ከጎባ የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ከኋላ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! ስለ መሬት አንድም ቃል አልተናገረም። ያላንቺ መኖር አልችልም ነው የሚላት!»

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ፍራሼ ሄደ።

ኦቦ ከድር ዞረው መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። «እንግሊዝኛውን አንተ ታውቅ ይሆናል። ባላባትን ግን እኛ እናውቃለን። ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። የዕለቱ ክፍል አልቆ ሰው ሲበተን መምህሩ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«መሬቱን ያገኘው ይሆን?»