የተሰፋው ዶሮ

እኔ የምለው፣ ዶሮ ራስ አለው እንዴ? በኛ አገር የለውም። የኛ ዶሮ ከአንገት ነው የሚጀምር። አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ አንዷን ያጎደለች ሴት እስከ ልጅ ልጇ ድረስ ትታማለች። ራሱን ግን ማንም አይቆጥረውም። ራሱ የድመት ነው። ይኼን ሕግ የማታውቅ ልጅ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ መጣችና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጣችኝ።

ላን ትባላለች፣ የቬትናም ልጅ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ስፌት ልታስተምር ነው የመጣችው። ከኔና ከጎረቤቴ ከጥሩነሽ ቤት መሀል ያለች የቀበሌ ክፍል ተሰጠቻት። እኔ እስላም፣ ጥሩነሽ ክርስቲያን፣ ላን ደግሞ የራሷ ነገር። ቅጥነቷ በቁልፍ ቀዳዳ ትገባ ነበር ብል አጋነንሽ ትሉኛላችሁ። በሩ ሳይከፈት ግን ገብታ አይቻታለሁ።

የመጣችው በአንድ ሻንጣና በአንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ እናቷ በእጇ የሠራችው የዓሣ መረቅ አለ። መጀመሪያ ቀን ስትከፍተው ጥሩነሽ፣ "እትዬ ከድጃ፣ አልጋዬ ሥር አይጥ ሞቷል" ብላ ቤቷን ገልብጣ ጠረገች። ላን ሩዟ ላይ ጠብ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ትበላለች። እናቷ ሞታለች፤ የቀራት ያ ሽታ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ይላል? ለመድነው። ኋላማ ሳይሸተን ከዋለ ልጅቷን ምን ነካት እንል ጀመር።

አንድ ቀን መጣችና በዚያች በምትሰባብራት አማርኛዋ የእናቷ ሙት ዓመት መድረሱን ነገረችኝ። በነሱ አገር ያን ቀን ለሟች ምግብ ይቀርባል። ነፍሷ መጥታ ትቀምሳለች፣ የተረፈውን ሰው ይበላዋል። እስካሁን ወንድሟ ነበር የሚያቀርበው፤ እሱም አለፈ። "እማ፣ እኔ ካላበላኋት እናቴ ተርባ ትመለሳለች" አለችኝ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ቬትናም የት፣ ኮምቦልቻ የት? ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ ሆዷን ትመለስ? ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ድረስ ወጥቼ አንድ አውራ ዶሮ ይዤ ወረድኩ። ቁመናውን ብታዩት፣ አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ትኬት ጠይቆታል።

ማን ይረደው? እኔ ካሳረድኩት ጥሩነሽ አትበላም፣ እሷ ካሳረደችው እኔ አልበላም። ሟቿስ የማንን ነው የምትበላ? ላንን ጠየቅናት። "እናቴ እኔ የሰጠኋትን ትበላለች" አለች። ከዚህ የበለጠ ሃይማኖት ካለ ንገሩኝ። ጥሩነሽ እልኸኛ ናትና ለቀቅኩላት። ዶሮው ክርስቲያን ሆነ፣ ለኔ እንቁላል ተቀቀለ።

ላን ወደ ሥራ ስትሄድ፣ እንዳይቆረጥ፣ እንዳለ ይቀቀል ብላ ነበር። ጥሩነሽ ግን ልጅቷ ከሄደች በኋላ እንቢ አለች፣ ያውም ከፍቅር። ያልተበለተ ዶሮ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው፣ ሟቿ በዚህ አገር ባለሙያ የለም ወይ ብትልስ፣ አለች። አሥራ ሁለቱን እንደ ወጉ አወጣች፣ በሎሚና በጨው አጠበች፣ ራሱን ለድመት ወረወረች።

ላን ተመልሳ ሳህኑን አየች። "ራሱስ?"

ለድመት ተጣለ አልናት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለን ነበር። ቁጭ ብላ ነገረችን። እናቷ ዶሮ ሲገኝ ሥጋውን ለልጆቿ አካፍላ ራሱን ብቻ ነበር የምትበላው። "እኔ የምወደው ራሱን ነው" ትላቸው ነበር። "እሱን ነው የምትወደው። ሌላ ምን ልስጣት?" አለች ላን።

ጥሩነሽ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጥሩነሽን አየኋት። ሁለታችንም ወልደናል። መሰላል ፍለጋ ተነሣሁ።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ራሱን ይዛ ጣሪያ ላይ ናት። በመሰላል ወጣሁ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ከድጃ አበደች አለ። እንደምንም ቀማኋት፤ አንድ ዓይኑን ግን ቀድማ ግብር አስከፍላዋለች።

ላን መርፌና ነጭ የጥጥ ክር አወጣች። ጭኑን ከወገቡ፣ ክንፉን ከደረቱ፣ በመጨረሻ ራሱን ካንገቱ ሰፋችው። ወላሂ፣ ከገበያ ሳመጣው እንዲያ አላማረም። ጥሩነሽ፣ "ይኼ ዶሮ ነው ቀሚስ?" አለች። ተቀቀለ። ከሩዝ ጋር በእናቲቱ ፎቶ ፊት ተቀመጠ፣ መረቁ ጠብ ጠብ ተደረገበት፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነች የዕጣን እንጨት ተለኮሰች።

ይኼኔ የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። ጣሪያ ላይ ሴት ታየች ተብሎ ነው። ፎቶውን አየ፣ ጭሱን አየ። "ምንድነው ይኼ? አምልኮ ነው? ጓድ ላን የሶሻሊስት አገር ሰው አይደለችም እንዴ?" አለ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መዘዝ አለው። ላን ፊቷ አመድ መሰለ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ጭቁን እናት ናት። የሕሊና ጸሎት ላይ ነን" አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ከኛ ጋር ቆመ፣ ራሱን ደፋ። ሁሉም ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እኔ ሳህኑን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ራሱ ወደ ግድግዳ፣ ምርጡ ብልት ፈረሰኛው ወደ እናቲቱ። ብይ እህቴ፣ ልጅሽ አታይም አልኳት በሆዴ።

ዕጣኑ ሲያልቅ ላን ዓይኗን ገለጠችና፣ "እማ፣ በልታ ይሆን?" አለች። "ዛሬስ ጠግባለች" አልኳት።

ሊቀመንበሩን ብላ አልነው። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ወደ ጥሩነሽ ጠጋ ብሎ፣ "ማን ነው ያረደው?" አለ። "ክርስቲያን" አለችው። ተቀመጠ። መሀል ላይ ከጥርሱ ረዥም ነጭ ክር መዘዘና፣ "ይኼስ?" አለ።

"የፋብሪካችን ምርት ነው ጓድ" አልኩት።

እኔም ታዲያ ልጆቼን ያሳደግኋቸው የምወደው አንገቱን ነው እያልኩ ነው። ይኸው ሁሉም ትልልቅ ሰው ሆነው፣ ዛሬም በዒድ ዶሮ ሲሠራ "የእማን አንገት እንዳትነኩ" ይባባላሉ። ባለፈው የልጅ ልጄ ነካክታው ተቆጧት። እውነቱን ብነግራቸው ሲያለቅሱ ሊከርሙ ነው፤ ካልነገርኳቸው አንገት ስግጥ ልሞት ነው። ስለዚህ እናቶች፣ ለልጆቻችሁ አትዋሹ አልላችሁም። ዋሹ። ስትዋሹ ግን ደህና ብልት ምረጡ።